ወደ እሳቱ ግቡ ያለው አዛዥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደርስ በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ሙዚቃ ከሌለበት፣ ወንድና ሴትም ካልተቀላቀሉበት ቻሌንጅ መሥራት ምን ችግር አለው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ቲክቶክ ሲመከር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሙዚቃውና ጭፈራው ስለሆነ፣ ሁለቱ ከሌሉ የቀረው ሁሉ ሐላል ይመስላል። ለሱ በቆምንበት በአጭሩ መለስኩለት፤ እዚህ ግን ዘርዘር አድርገን እንየው።

በቡኻሪና በሙስሊም ከዐሊይ (ረ.ዐ) የተዘገበ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጦር ሲልኩ ከአንሷር የሆነ ሰው አዛዥ አደረጉበት፤ እንዲታዘዙትም አዘዟቸው። መንገድ ላይ ሰውየው በነሱ ተቆጣ። እንጨት ሰብስቡ አላቸው፤ ሰበሰቡ። እሳት አንድዱ አላቸው፤ አነደዱ። በሉ ግቡበት አላቸው። አንዳንዶቹ ሊገቡ አሰቡ። ሌሎቹ ግን እርስ በርስ እየተያዩ፣ ወደ ነቢዩ የመጣነው ከእሳት ሸሽተን አይደል እንዴ ተባባሉ። እንዲህ ሲሉ እሳቱ ጠፋ፤ የሰውየውም ቁጣ በረደ። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ፣ ገብተውበት ቢሆን ኖሮ መቼም እንደማይወጡ፣ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው።

ኢብኑ ማጃህ ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ተመሳሳይ ታሪክ ደግሞ አዛዡ ዐብዱላህ ኢብኑ ሑዛፋ (ረ.ዐ) ነው፤ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። ሰዎቹ ታጥቀው ሊዘሉ መነሳታቸውን ሲያይ፣ ቆዩ፣ እየቀለድኩባችሁ ነው አላቸው።

ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ይህን ታሪክ ደግማችሁ አስቡት። ሶሓቦች ናቸው። አላህን የሚፈሩ፣ ዐቅላቸው የተሟላ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ትእዛዝ ሲመጣ፣ በተለይ ጓደኛው ሲነሳ አብሮ የመነሳት ነገር ሲጨመርበት፣ ከመካከላቸው እሳት ውስጥ ለመግባት ያሰበ ነበር። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ፣ እኩዮቹ አንድ በአንድ «ሲገቡ» እያየ ምን ያህል ይቸገር?

ያኔና አሁን ግን ልዩነት አለ። ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የሚያዛቸውን ሰዎች በዓይኑ ያያቸው ነበር። ቀልዱ ከመስመር ሊያልፍ ሲል ቆዩ ብሏል። «ፎር ዩ» በሚባለው ገጽ ላይ ቪዲዮ የሚመርጥላችሁ አልጎሪዝም ግን አያያችሁም። የሚያውቀው ምን ያህል ሰከንድ እንዳያችሁ፣ ምኑን እንደደገማችሁ፣ ለማን እንደላካችሁ ነው። ዕድሜያችሁ፣ ያን ቀን ያዘናችሁበት ነገር፣ የልባችሁ ጤና ለሱ ምንም አይደለም። ቆዩ፣ ቀልድ ነበር አይልም።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ትንፋሽን የሚያሳፍን ቻሌንጅ ሞክራ ሞተች። እናቷ ቲክቶክን ከሰሰች። ኩባንያው ቪዲዮውን የሠራው ሌላ ሰው ነው በሚለው ሕግ ሊሸፈን ሞከረ። በነሐሴ 2024 ግን አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ቪዲዮውን ለልጅቷ መርጦ ማቅረቡ የራሱ የኩባንያው ተግባር ስለሆነ ያ ሕግ አይሸፍነውም ብሎ ክሱ እንዲቀጥል መንገድ ከፈተ። በአነጋገራችን፣ አዛዡም ይጠየቃል ማለት ነው። ልጅቷ ግን አትመለስም።

ይህ ክፉ ጨዋታ ከቲክቶክም በፊት ነበር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2008 ባወጣው ጥናት ከ1995 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 19 የሆኑ 82 ልጆች በዚሁ ዓይነት ጨዋታ ሳይሞቱ እንዳልቀረ መዝግቧል። አማካይ ዕድሜያቸው 13 ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞቱት ብቻቸውን በነበሩበት ሰዓት ነው። አብዛኞቹ ወላጆች እንዲህ ዓይነት ጨዋታ መኖሩን የሰሙት ልጃቸው ከሞተ በኋላ ነበር። ልጆቹ እንደ ደስታ የሚቆጥሩት ስሜት አየር ያጣ አእምሮ መዛሉ ነው። ሰው ራሱን ከሳተ በኋላ እጁ አይታዘዘውም፤ «ሲበቃኝ አቆማለሁ» የሚለው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

«እሱ እኮ ሠርቶት ምንም አልሆነም» ትሉ ይሆናል። አዎ፤ የደረሰባችሁ ቪዲዮ የተረፈው ሰው ቪዲዮ ነው። ያልተረፈው አይለጥፍም። ደግሞ የሱ ሰውነት የናንተ ሰውነት አይደለም። በመስከረም 2023 በማሳቹሴትስ አንድ የ14 ዓመት ልጅ እጅግ የሚያቃጥል በርበሬ የተነሰነሰበት አንዲት ቺፕስ በልቶ በዚያው ቀን ሞተ። ጨዋታው ያችን አንዲት ቺፕስ በልቶ ምንም ሳይጠጡ መቆየት ነበር፤ የመጣችውም የሬሳ ሣጥን በሚመስል ካርቶን ነበር። (ይህን ያዩ ሰዎች ቀልድ ነው ብለው አለፉት።) በቀጣዩ ዓመት ይፋ የሆነው የአስከሬን ምርመራ የልጁ ልብ ከመጠኑ የሰፋ እንደነበርና አንዱ የልብ የደም ሥሩም ከተፈጥሮው ችግር እንደነበረበት አሳየ። ምርቱ ከገበያ ተሰብስቧል።

እኛ በሚጥሚጣ ያደግን ሰዎች በዚህ ልንስቅ እንችላለን። ግን ጉዳዩ በርበሬ አይደለም፣ ያልታወቀው ልብ ነው። በአገራችን በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ቀስ በቀስ የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ እንደሚችል ሐኪሞች ሁሌም ይናገራሉ። ይህ ችግር ያለበት ብዙ ወጣት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ደረጃ ሲወጣ ቶሎ የሚደክመው «ስፖርት ስላቆምኩ ነው» ይላል። ልቡ ተመርምሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒት አብዝቶ የመዋጥ፣ ትንፋሽ የማፈን ወይም የኃይል መጠጥ በአንድ ትንፋሽ የመጨረስ ውድድር ውስጥ ሲገባ ምን ይዞ እየገባ እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ የሚቀርጸውም አያውቅም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2020 ለአለርጂ የሚሰጠውን ዲፈንሃይድራሚንን አብዝቶ መውሰድ የልብ ችግር፣ የሚጥል መናወጥና ሞት እንደሚያስከትል ያስጠነቀቀው እንዲህ ባለ ቻሌንጅ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚገኝ ነው።

አላህ በሱረቱል በቀራ 195ኛው አንቀጽ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። በዚህ ላይ ከኔ ዘንድ ከብዙ ማስረጃ የበለጠ ልብ የሚነካው የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠርተው ሰውነትህ፣ ዓይንህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብለው እንዲቀንስ አደረጉት። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ጾምና ሶላት በማብዛት ሰውነቱን እንዳይጎዳ ነው። ለአላህ ተብሎ በሚሠራ ዒባዳ እንኳ የሰውነት ሐቅ ከተጠበቀ፣ ለሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ሲባል ይህን ሐቅ የሚያነሳ ማን ነው?

አሁን ደግሞ ብዙ ወጣት ልብ ወደማይለው ወደ ቤታችን እንግባ።

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በር ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። እሳቸው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን በማበጠሪያ ያክኩ ነበር። ባወቁ ጊዜ በጣም ተቆጡ፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት እንደሆነም ነገሩት። ሰውየው ቤቱ ውስጥ አልገባም። ምንም አልሰረቀም። ያየው ነገርም ፀጉር ማበጠሪያ ነው። ግን ያለፈቃድ ተመለከተ።

በዛሬው ዘመን ቀዳዳውን ከውስጥ የምንበሳው እኛው ነን። ልጅቷ ሒጃቧን አሳምራ ለብሳ ቻሌንጅ ትሠራለች፤ ከኋላዋ በተከፈተው በር እናቷ ፀጉሯን ገልጣ፣ የቤት ልብስ ለብሳ ታልፋለች። ልጅቷ ራሷን ሸፍናለች፤ እናቷን ግን ለስንት ሺህ አጅነቢ አሳየቻት? እናቲቱ ቲክቶክ የላትም። ይህን አታውቅም። ምናልባት አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ «ኡሚ፣ እርስዎን አየሁዎት» ይላታል።

ወንድሜ፣ አንተም እኩል ነህ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምህ የት እንደምትማር ይናገራል። ከመስኮትህ የሚታየው ሕንፃ ሰፈርህን ይናገራል። ከኋላ የሚሰማው የአዛን ድምፅ ሳይቀር የት መስጂድ አጠገብ እንደሆንክ ለሚያውቅ ሰው ይነግረዋል። «ስለራሴ አሥር ነገር» በሚለው ጨዋታ የመጀመሪያ ትምህርት ቤትህን፣ የእናትህን ስም፣ የልደት ቀንህን ትጽፋለህ። ብዙ አካውንት የይለፍ ቃል ሲረሳ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ትንሹ ወንድምህን አስቀምጠህ ስታስቀው ቀርጸህ ትለጥፋለህ፤ እሱ አልተጠየቀም፣ ቢጠየቅም ምን እንደፈቀደ አያውቅም።

«ቢያስጠላኝ አጠፋዋለሁ» የሚለው መልስ አይሠራም። በ2020 መጀመሪያ ክሊርቪው የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከሌሎች ድረገጾች ከሦስት ቢሊዮን በላይ የሰው ፎቶ ሰብስቦ ፊትን መለያ መሣሪያ እንደሠራበት ተጋለጠ። ባለቤቶቹ አልተጠየቁም። አንተ ብታጠፋው የወሰደው ወስዶታል። ኩባንያዎቹም ራሳቸው ይጠብቁናል ብለን እንዳንዘናጋ፣ የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በመስከረም 2023 ቲክቶክን 345 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የልጆች አካውንት ሲከፈት ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኖ እንዲጀምር አድርጎ ስለነበር ነው።

በዐረብ አገር ያላችሁ እህቶች ይህን ምንባብ እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ ለናንተ የተለየ ቃል አለኝ። ሥራ አልቆ ሲደክማችሁ፣ ናፍቆት ሲይዛችሁ በአሠሪዎቻችሁ ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ላይቭ መግባት፣ ቻሌንጅ መሥራት ያጽናናል፤ ይገባኛል። ግን በሳዑዲ የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ግላዊ ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 500 ሺህ ሪያል ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። የኤምሬትስ ሕግም በዚህ ጠንካራ ነው። የአሠሪሽ ልጅ ከኋላሽ ሮጦ ካለፈ፣ እመቤቲቱ ያለ ሒጃብ ከታየች፣ ስንት ዓመት የለፋሽበት ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሊጠፋ ይችላል። ከሕጉም በፊት ግን የሰው ቤት አማና ነው።

በ2021 መጀመሪያ ላይ ሰውነት በቀይ ብርሃን ፊልተር ጥላ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ቻሌንጅ ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሴቶች ጥላ ብቻ ነው የሚታየው ብለው ልብሳቸውን ቀንሰው ቀረጹ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ሰዎች ፊልተሩን አደብዝዞ ሰውነታቸውን መግለጥ የሚቻልበትን መንገድ ማስተማር ጀመሩ። በ2022 ደግሞ ሌላ መሰል ፊልተር ሲመጣ፣ አጭበርባሪዎች «ፊልተሩን የሚያነሳ ፕሮግራም» ብለው ቫይረስ አሰራጩ፤ ያወረዱት ሰዎች የይለፍ ቃላቸው ተሰረቀ። የሰው ገላ ሊያይ የሄደ የራሱ ቤት ተከፈተበት። የሙስሊሞችን ነውር የሚከታተል ሰው አላህ የሱን ነውር እንደሚከታተልበት የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ የምታውቁ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ስለ ፕራንክም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እናቱን ሶላት ላይ እያለች አስደንግጦ የሚቀርጽ፣ ጓደኛውን መሐል አቁሞ እንዲዘል ካደረገ በኋላ ከሁለት ወገን እግሩን የሚመታ አለ። ይህ ሁለተኛው በ2020 ብዙ ትምህርት ቤት ገብቶ የስንቱን ልጅ ጭንቅላትና እጅ ሰብሯል። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጉዞ ላይ የነበሩ ሰዎች የተኛ ጓደኛቸውን ገመድ ወስደው ሲነቃ ደነገጠ፤ እነሱም ሳቁ። ሙስሊምን ማስደንገጥ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። የጠፋው ገመድ ብቻ ነበር።

ታዲያ ቻሌንጅ ሁሉ ሐራም ነው ወይ? አይደለም። ያ ተማሪም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። በ2014 በራስ ላይ በረዶ ውሃ የማፍሰሱ ቻሌንጅ ኤኤልኤስ ለሚባለው ነርቭን ለሚገድል በሽታ ምርምር ለአሜሪካው ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። በኛም ታሪክ ውስጥ ሙስሊም ከጀሪር (ረ.ዐ) የዘገቡት አለ። ከሙደር ጎሣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በሐዘን ተለወጠ፤ ሰዉንም ለሶደቃ አነሳሱ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው ያቃተው ከረጢት ይዞ መጣ። ሰዎች እሱን ተከትለው አመጡ፤ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። ፊታቸውም በራ። መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የሱንና የተከተሉትን ሁሉ ምንዳ እንደሚያገኝ፣ መጥፎ የጀመረም የተከተሉትን ሁሉ ወንጀል እንደሚሸከም ያን ጊዜ ተናገሩ።

እንግዲህ ቪዲዮ ሠርተህ ሦስት ጓደኛ ታግ ስታደርግ የምትገባው እዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው። አንተ ሠርተኸው ደህና ወጣህ እንበል። ታግ ያደረግከው ልጅ የልቡን ነገር ታውቃለህ? እሱስ ነገ ማንን ይጠራል? እናንተ ከመሥራታችሁ በፊት ቪዲዮውን ለአባታችሁ አሳዩትና ፊቱን ተመልከቱ። ለመቅረጽ ስትነሱ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ እናንተ ብቻ ከሆናችሁም ከኋላችሁ ያለውን በር ዝጉ። አካውንታችሁን ለምታውቁት ሰው ብቻ አድርጉ፤ ቅንብሩ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጓደኛ ትንፋሽ የማፈን ነገር ሲያወራ ከሰማችሁ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ አትሁኑ፤ ለቤተሰቡ ንገሩ። በዚህ የሚከፋ ጓደኝነት ይከፋ።

በመጨረሻ፣ ነገሩ ያለፈበት ሰው ካለ። ቪዲዮሽን ወይም ፎቶሽን ይዞ «ገንዘብ ላኪ፣ ሌላ ላኪ፣ አለዚያ እበትነዋለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ አንድም ነገር አትላኪለት። የላከልሽን መልእክት ስክሪንሾት አንስተሽ አስቀምጪ፣ አታጥፊው። እንዲህ ያለ ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለእናትሽ፣ ለእህትሽ፣ ለአክስትሽ፣ ለምታምኛት አንዲት ሴት ዛሬውኑ ንገሪ። ወንድሜ፣ አንተንም ይመለከትሃል፤ በወንዶች ላይም ይደርሳል፣ አፍረው ይደብቁታል። አባቶችና እናቶችም ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ እንዲህ ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ለምን አደረግከው» አይሁን፤ እሱን ሌላ ቀን ትጠይቁታላችሁ። የሚናገርለት ሰው ያጣ በገጹ የውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ ስም አንጠይቅም።

አላህ ነውራችንን ይሸፍንልን፣ ከፍርሃታችንም ያሳርፈን።